ልስን ሳይጀመር ስማርት ቤት፦ 200,000 ብሩን የት የት ላውለው?

ጥያቄ፦ የማራኪዋ

እንዴት ሰነበታችሁ። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ለእናቴ ባለ ሦስት መኝታ ቪላ እየጨረስን ነው። ጣሪያው ለብሷል፣ ልሳኞቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይገባሉ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ቤቱ «ስማርት» ካልሆነ ብሎ ይዞኛል። መብራቱ በስልክ፣ ካሜራው በስልክ፣ መጋረጃው ሳይቀር በስልክ። ለዚህ ሥራ ብቻ 200,000 ብር ልኳል፤ ከዚያ በላይ የለም።

ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ አስመጥተን አሳየነው። 34 ማብሪያ፣ 6 ካሜራ፣ 5 መጋረጃና በድምፅ የሚታዘዝ ስፒከር ቆጥሮ 460,000 ብር አለን። እሱም በዕለቱ ምንዛሪ የሚስተካከል ነው። ሰውየው የብሬከር ሳጥኑን እንኳ ከፍቶ አላየም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ውሃ የሚመጣልን ሌሊት ነው። አሁን በተከራየነው ቤት እማ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ባትሪ ይዛ ትወጣለች፣ ፓምፑን ታስነሳለች፣ ሮቶው ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር በድምፁ ለይታ ታጠፋለች። 67 ዓመቷ ነው። አዲሱም ቤት የምድር ታንከርና ጣሪያ ላይ ሮቶ አለው። ምን ላስቀድም? ምን ልተው? ከልስን በኋላ የማይታረመው የትኛው ነው?

የሽቦ ሰው፦

እህትየ፣ የመጨረሻው ጥያቄሽ ነው ዋናው። ስማርት ማብሪያ የዛሬ ዓመትም ይገዛል። ግድግዳ ፈልፍሎ፣ መልሶ ለስኖ፣ መልሶ መቀባት ግን ከማብሪያው ዋጋ ይበልጣል።

እዚህ ከተማ ሲዘረጋ የማየው በአብዛኛው እንዲህ ነው፦ ኒውትራሉ (ጅረቱ ወደ ዋናው ሳጥን የሚመለስበት ሽቦ) ከጃንክሽን ሳጥኑ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፣ ወደ ማብሪያው የሚወርደው ፌዙ (ኃይል አምጪው ሽቦ) እና ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ተመላሽ ብቻ። ለተራ ማብሪያ ይበቃል። ስማርቱ ግን መብራቱ ጠፍቶም እሱ ነቅቶ ትእዛዝ መጠበቅ አለበት፤ ለዚህ ኒውትራል ይፈልጋል። ያለ ኒውትራል የሚሠሩም አሉ፤ እነሱ ትንሽ ጅረት በአምፖሉ በኩል ስለሚያሾልኩ ኤልኢዲው ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ ሲበራ ወይም ሲርገበገብ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ አሁኑኑ በየማብሪያው ለኒውትራሉ አንድ ተጨማሪ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አስወርጂ፣ ሳጥኑም ጠለቅ ያለው ይሁን።

ሁለተኛ ባዶ ቱቦ። ከምድር ታንከሩ እስከ ሮቶው፣ ከሳሎን ወደ ካሜራ ቦታዎቹና ወደ አጥር በሩ። ውስጡ ሲባጎ ይቅር፣ ነገ ሽቦ የሚጎተተው በእሱ ነው። ልሳኙ ጭቃውን ሲወረውር የቱቦው አፍ እንዳይደፈን በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩት። እኔ ሁለቴ ተደፍኖብኛል፣ ሁለቴም ግድግዳ ሰብሬያለሁ።

ሦስተኛ ግራውንድ። የክረምቱን መብረቅ ታውቂዋለሽ። በደንብ የተቀበረ ግራውንድና ዋናው ሳጥን ላይ የሚገባ የሰርጅ (ድንገት የሚንር ቮልት) መከላከያ ከሌለ፣ የምትገዥው ስማርት ዕቃ በአንድ ሐምሌ ሊነድ ይችላል።

ከመለሰኑ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግተሽ ፎቶ አንሺው። መጋረጃ ሰቃዩ የትኛውን ሽቦ እንደሚበሳ ያኔ ታውቂያለሽ።

የማራኪዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የኛ ኤሌክትሪሺያን «ኒውትራል ለማብሪያ? ማን አለሽ?» ብሎ ስቆብኛል። ይኼን አስነብበዋለሁ።

አዘዞ ሜዳ፦

የእናትሽን ሌሊት ለማስቀረት ኢንተርኔትም ስልክም አያስፈልግሽ። ሁለት ፍሎት ስዊች (በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ነው መፍትሔው። አንዱ ሮቶው ውስጥ፦ ሲጎድል ፓምፑን ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። ሌላው ምድር ታንከሩ ውስጥ፦ ታች ውሃ ከሌለ ፓምፑ በባዶ እንዳይዞር ይከለክላል። በባዶ የዞረ ፓምፕ ማኅተሙ ይነድዳል፤ የእኔ በአንድ ሌሊት ነው የሞተው፣ እኔ ተኝቼ።

ፍሎቶቹ ፓምፑን በቀጥታ አይሸከሙት፤ ኮንታክተሩን (ከባድ ጅረት የሚሸከመውን፣ በትንሽ ጅረት የሚታዘዘውን ማብሪያ) ይዘዙት። ስትፈልጊ ኋላ ላይ በዚያው ኮንታክተር ላይ ስማርት ሪሌ (በስልክ የሚታዘዝ ትንሽ ማብሪያ) ትጨምሪና ወንድምሽ ሲፈልግ ከባሕር ማዶ የሮቶውን ወሬ ይስማ። መጀመሪያ ግን ያለ እሱ ይሥራ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 1,100 ዋት አካባቢ ይወስዳል፣ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይጎትታል። «10 አምፔር» የተጻፈባት ትንሽ ሪሌ ብቻዋን ከተሰጣት ከንፈሯ ተጣብቆ ይቀራል። ያኔ በስልክ «አጥፋ» ብትይም አይጠፋም።

የነደደችው፦

ስለ 10 አምፔር ከተነሳ የእኔን ስሙ። ምጣዱን ከሥራ ሆኜ ላሙቀው ብዬ በስማርት ሶኬት ሰካሁት። ምጣዴ 3,500 ዋት ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ፤ ሶኬቷ ግን 10 ነበረች። ሦስተኛው እንጀራ ላይ ላስቲክ ሸተተኝ። ስነቅለው ፕላስቲኩ እንደ ማር ተስቦ መጣ። ለምጣድ የራሱ ብሬከርና ወፍራም ሽቦ ከሳጥኑ ይምጣለት እንጂ ስማርት የሚባል ነገር አይጠጋው። ደግሞስ ሰው በሌለበት ምጣድ ማሞቅ ምን ይባላል? ጥጋብ ነበር።

የሻወር ማሞቂያም እንዲሁ ነው፤ 2,000 ዋት ሲሆን 9 አምፔር ስለሚነካ ቢያንስ የ16 አምፔሩን ፈልጊ።

ዜሮና አንድ፦

እኔ በካሜራውና በኔትወርኩ በኩል ልናገር።

6 ካሜራ ለአንድ ቪላ ምን ይሠራል? ለበሩና ለጓሮው 2 ይበቃል። አንድ ካሜራ በ2 ሜጋቢት በሰከንድ ያለማቋረጥ ቢቀዳ በቀን 21.6 ጊጋባይት ነው። ይኼን ሁሉ ወደ ደመና (በኢንተርኔት የሚገኝ ማስቀመጫ) ስትልኪ የኢንተርኔቱ ወጪ በየወሩ ይበላሻል፤ በዚያ ላይ ለማስቀመጫው በዶላር ወርሃዊ ክፍያ አለ። መቅጃውን እዚያው ቤት አድርጊው። 1 ቴራባይት ዲስክ ለሁለቱ ካሜራ 23 ቀን ይይዛል፣ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ከቀዳ ደግሞ እጅግ ይረዝማል። ወንድምሽ ሲያምረው ብቻ ገብቶ ይይ።

ዕቃ ስትመርጪ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል?» ያለ ዳታ ለወራት የከረምን ሰዎች ይኼን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በዋይፋይ የሚሠሩ ርካሽ ማብሪያዎች ብዙዎቹ ትእዛዛቸውን ውጭ አገር ካለ ሰርቨር ነው የሚቀበሉት። ዚግቢ (ከዋይፋይ የተለየ ሽቦ አልባ ግንኙነት) ቤት ውስጥ ባለች አንድ ማዕከል በኩል ስለሚነጋገር፣ ማዕከሏ ያለ ኢንተርኔት የምትሠራ ከሆነች የኢንተርኔቱ መቋረጥ አያገባውም። እኔ ማዕከል ያደረግኩት ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ሆም አሲስታንት የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭኜበት። ባትሪው ደህና ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ራሱ ዩፒኤስ ነው። ለራውተሩ ደግሞ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ ግዢ።

መብራት ሲመጣ ዕቃው በምን ሁኔታ እንደሚነሳም አስተካክይ። አንዳንዱ ሁሉንም አብርቶ ነው የሚነሳ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት መጥቶ ቤቱ በሙሉ እንደ ጥምቀት ዋዜማ ቦግ ብሎብኝ ያውቃል።

የማራኪዋ፦

ስፒከሩስ? ወንድሜ «እማ ተናግራ ታብራ» ነው የሚለው።

ዜሮና አንድ፦

የአማዞን ስፒከር ውስጥ ያለችው አሌክሳ አማርኛ አትሰማም። እማ በእንግሊዝኛ ካላዘዘቻት በቀር ተይው።

ቀበሌ 18፦

ከሁሉም ጋር አልስማማም፣ ይቅርታ። 34 ማብሪያ ስማርት ማድረግ ለምን አስፈለገ? አንዱ የዋይፋይ ማብሪያ ዝም ብሎ ተቀምጦ 1 ዋት ቢበላ፣ 34ቱ በወር ወደ 24 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ምንም ሳያበሩ። አባቴ ቤት ስማርት አምፖል ገጥመንለት ነበር። ሰውየው የ50 ዓመት ልማድ አለው፣ ሲወጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ያጠፋል። አምፖሉ ሞተ፣ ስልኩ «አልተገኘም» ይላል፣ እኛ ከሥራ እየተጠራን እናበራለን። ለትልቅ ሰው ማብሪያው ግድግዳ ላይ እንደ ድሮው የሚጫን ይሁን፤ ስማርቱ ከኋላው ይደበቅ።

ለእናትሽ እኔ የምገዛው ሦስት ነገር ነው። ከመኝታ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው ኮሪደር ላይ ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት፣ የውጭ በር መብራት፣ እና የቡታጋዝ ጠቋሚ። የኋለኛው ከወለል ብዙም ሳይርቅ ይሰቀል፤ ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ታች ነው የሚተኛው። የጭስ ጠቋሚ ሳሎን እንዳትሰቅሉ ግን፤ ቡና ተቆልቶ እጣን በተጨሰ ቁጥር ጎረቤት ይሰበሰባል።

የሽቦ ሰው፦

ቀበሌ 18 እውነቱን ነው። ኒውትራሉን ግን ለ34ቱም አስገቢ፤ ሽቦው ዛሬ ርካሽ ነው።

አዘዞ ሜዳ፦

ብሩንም በአንዴ አትጨርሽው። ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዕቃ ዋጋ በሳምንት ሲለዋወጥ አይተናል። ሽቦ፣ ቱቦና ኮንታክተር አሁን ይገዙ፤ ቀሪው ይቆይ።

የማራኪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከኤሌክትሪሺያናችን ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው። ለተጨማሪ ሽቦ፣ ለጠለቀ ሳጥን፣ ለቱቦ፣ ለግራውንድና ለሰርጅ መከላከያ 85,000። ለፍሎቶቹ፣ ለኮንታክተሩና ለእጅ ዋጋ 30,000። ለ2 ካሜራ፣ ለዲስክና ለራውተር ዩፒኤስ 45,000። ለኮሪደሩ፣ ለበሩና ለቡታጋዙ ጠቋሚ 15,000። 25,000 መጠባበቂያ፤ አልነካትም ብያለሁ፣ እስኪ እናያለን። ላፕቶፕ የእኔው አሮጌ አለ።

ወንድሜ ስለ መጋረጃው አኩርፏል። ለመጋረጃው የሚሆን ቱቦ ከነሲባጎው አስቀብሬለታለሁ፤ ሞተሩን ሲመጣ ይዞት ይምጣ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ከምድር ታንከሩ የሚወጣው የፍሎት ሽቦ ከፓምፑ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ቢሄድ ችግር አለው?

የሽቦ ሰው፦

ፍሎቱ የሚሠራው በ220 ከሆነ ችግር የለውም። የሮቶውን ልክ የሚያነብ በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ ሴንሰር ልታስገቢ ካሰብሽ ግን የራሱ ቱቦ ይሁንለት። ሁለት ቅበሪ።