የሚከፈተው ክንፍ፦ ውድድሩን አዳነው ወይስ አበላሸው?

አወያይ፦ በ2026ቱ የፎርሙላ ዋን ደንብ የመኪናው የፊትም የኋላም ክንፍ ይንቀሳቀሳል። ቀጥታ መንገድ ላይ አየሩ እንዳይጎትተው ይተኛል፣ ማለትም ይከፈታል፤ ኩርባ ላይ መኪናውን መሬት ላይ እንዲጫን ይነሳል። ከ2011 እስከ 2025 የነበረው ዲአርኤስ የተባለው የማለፊያ ዘዴ የሚከፍተው የኋላውን ብቻ ነበር። ምን ትላላችሁ?

የካዛንቺሱ፦ እኔ ዲአርኤስን ወድጄው አላውቅም። ከፊትህ ያለውን መኪና እስከ አንድ ሰከንድ ድረስ ከተጠጋኸው ክንፍህን ትከፍታለህ። እሱ ግን አይፈቀድለትም። አንዱን እጁን አስሮ እንደማታገል ነው።

የሳሪሷ፦ ወንድሜ፣ ያለሱ የነበረውን ረሳኸው እንዴ? በ2010 አቡ ዳቢ ላይ ተወዳዳሪው አሎንሶ ከሌላው ተወዳዳሪ ከፔትሮቭ ኋላ ተቀርቅሮ ቀረ፤ የዓመቱ ዋንጫ ለፌተል ሄደ። ከኋላ ያለው መኪና የሚደርሰው የተበጠበጠ አየር ነው። ክንፉ መኪናውን መሬት ላይ የሚጫንበት ኃይል ይቀንሳል፣ ኩርባ ላይ ይንሸራተታል። ታዲያ በምን ይለፍ?

ጋራዥ፦ ልጆች፣ ነገሩ ማለፍ ብቻ አይደለም። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን አየሩ የሚጎትትህ አራት እጥፍ ነው። እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። የ2026ቱ መኪና ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን የሚያገኘው ከኤሌክትሪክ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ከ120 ወደ 350 ኪሎዋት አድጓል። ክንፉ እንደቆመ ቢሮጥ ባትሪው ቶሎ ይሟጠጣል። አሁን ከፊት ያለውም ተከታዩም ክንፉን የሚያስተኛው ለዚህ ነው። ለማለፍ የሚሰጠው እገዛ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ጉልበት ሆኗል።

ጀማሪ፦ ጋሼ፣ እኔ ኮሮላዬ ላይ ክንፍ ላስገጥም ነበር። ነዳጅ ይቆጥብልኛል?

ጋራዥ፦ አይ የኔ ልጅ። ከተማ ውስጥ በ40 እየነዳህ አየሩ ይህን ያህል አይጎትትህም። ጎማህን በልኩ አስነፋ፣ የሚቆጥብልህ እሱ ነው።

የካዛንቺሱ፦ የባትሪው ነገር ገብቶኛል ጋሼ፣ ደንቡም ከድሮው ፍትሐዊ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ክንፉ ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ ነው። በ2018 ሞንዛ ልምምድ ላይ ተወዳዳሪው ኤሪክሰን ፍሬን ሲይዝ ክንፉ አልተዘጋም። መኪናው አጥሩን መትቶ ተገለባበጠ። እግዜር አተረፈው። በ1969ም ባርሴሎና ላይ የተወዳዳሪዎቹ የሂልና የሪንት መኪኖች ክንፎች ተሰብረው ነው ረጃጅሙም ተንቀሳቃሹም የታገደው።

ጋራዥ፦ እዚህ ላይ እውነት አለህ። የፊቱ ተነስቶ የኋላው ተኝቶ ከቀረ የኋላ ጎማ ይከዳል። በዚያ ፍጥነት ደግሞ መሪ አዙረህ አታድነውም። እኔ ክንፉ ይንቀሳቀስ ባይ ነኝ፤ ግን አንዱ ካልሰራ ሌላውም እንዳይከፈት ተደርጎ ይሰራ።

የሳሪሷ፦ በዚህስ እስማማለሁ።