ለድሬ ሙቀት፦ ቺለር (የውኃ ማቀዝቀዣ ማሽን) ልግዛ ወይስ ፋን ይበቃል?

ሰላም፣ ከዚራ አካባቢ 100 ሊትር የኮራል አኳሪየም ለመጀመር ዕቃ እየመረጥኩ ነው፣ በጀቱ ግን ጠባብ ነው። አብዛኛው ተወስኗል። ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ፣ በድምሩ 3.5 ኪሎ። የወጥ ጨው ካልሲየምና ማግኒዥየም ስለሚጎድለው አይሆንም። የቧንቧችን ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ስለሆነ የአርኦ ማጣሪያ (በውኃው የሟሙ ማዕድናትን የሚያስወግድ) ግድ ነው፣ እሱ ላይ አልደራደርም።

የቸገረኝ ሙቀቱ ነው። ኮራል 25 ዲግሪ አካባቢ ይመቸዋል፤ ግንቦትና ሰኔ ግን ክፍሉ ራሱ 32 ይገባል። ፋን ውኃውን እያተነነ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያወርዳል። ጨው ስለማይተን ታዲያ የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ መሙላት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጨዋማነቱ (ከንጹሕ ውኃ ክብደት ጋር ተነጻጽሮ ሲለካ) ከ1.025 አልፎ ይወጣል። ቺለር ሙቀቱን በእርግጠኝነት ይይዛል፤ ዋጋው ግን የመብራቱንና የፓምፑን በጀት ይበላል፣ የሚያወጣው ትኩስ አየርም ተመልሶ ክፍሉን ያሞቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ።

እባካችሁ የምታውቁ፦ ዞአንተስና እንጉዳይ ኮራል የሚባሉትን የኮራል ዓይነቶች ብቻ ባስገባ 28 ዲግሪ ላይ ለወራት ይዘልቃሉ? በተረፈው ገንዘብስ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይቅደም ወይስ ውኃ የሚሞላ አውቶማቲክ?