በፖስታ የመጡ ጫጩቶቼ እየደከሙብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ከአንድ ጫጩት አስፈልፋይ ድርጅት ያዘዝኳቸው የአንድ ቀን ጫጩቶች ዛሬ ጠዋት በፖስታ ደረሱ። አሜሪካ ውስጥ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የተለመደ ነው። ጫጩቷ ከመፈልፈሏ በፊት አስኳሉን ወደ ሆዷ ስለምታስገባ እስከ 72 ሰዓት ያለ ምግብና ውሃ መቆየት ትችላለች። የእኔዎቹ ግን መንገድ ላይ ዘገዩ፤ ብርዱም ገና አልለቀቀም። ሳጥኑን ስከፍት የሞቱ አሉ። አንጀቴን በሉት።

የተረፉትን በመብራት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አሙቄ፣ ምንቃራቸውን ውሃ እያስነካሁ አጠጣኋቸው። አብዛኞቹ ነቃ ብለዋል። አንዳንዶቹ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ክንፋቸውን ጥለዋል። ኩሳቸው ደርቆ መውጫቸውን ደፍኖታል። ለብ ባለ ውሃ ላርሰው አስቤ ቆዳቸው እንዳይላጥ ፈራሁ። እናንተ እንዴት ነው የምታጸዱት? ውሃው ላይ ስኳር ልጨምር ወይስ ኤሌክትሮላይት (ውሃ ውስጥ የሚበጠበጥ የጨውና የማዕድን ዱቄት) ልግዛ? ሌላው፣ ድርጅቱ የሞቱትን እተካለሁ ብሏል። በዚህ ብርድ እንደገና ይላኩ ማለት ግን ይከብደኛል። ሙቀቱ እስኪመጣ እንዲያቆዩልኝ ልጠይቅ ወይስ ገንዘቤን ይመልሱ? ጫጩት ያሳደጋችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ። በተለይ የኩሱን ነገር።