በአምስት ደቂቃ ፖል የሚያደርግ «ተኝቷል» ወይ?

ገመዱ፦
እስቲ ፍረዱኝ። አለቃዬ ሥልጠና ሄዶ መጣ። አሠልጣኙ «በአምስት ደቂቃ ፖል የሚያደርግ የኔትወርክ ባለሙያ ተኝቷል» ብሎ ስላይድ ላይ በትልቁ ጽፎላቸዋል። (ፖል ማድረግ ማለት መከታተያው ሰርቨር በየተወሰነ ጊዜ እያንዳንዱን ዲቫይስ እንዴት እንደሆነ መጠየቁ ነው።) አለቃዬ ስላይዱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝና ከሥሩ «ከነገ ጀምሮ ሁሉም ዲቫይስ በ10 ሰከንድ» አለ። ሁሉም! የኔትወርኩ እምብርት የሆነው ኮር ስዊቹም፣ ፕሪንተሩም፣ ዩፒኤሱም። እሺ ብዬ አደረግኩት። አሁን የሰርቨሩ ሲፒዩ 100 ላይ ተቸክሏል። ግራፉ ተበጣጥሷል። ደህና የሚሠሩ ቅርንጫፎች «ዳውን» እየተባሉ አላርም ይጮኻል። እና ማነው የተኛው?

የማታ ፈረቃ፦
እኔም እዚያ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። የሰውየውን ነገር ቆርጠህ አታምጣ። «ኮር ላይ» ነው ያለው። ደግሞ እውነቱን ነው። ሊንክ ወድቆ አራት ደቂቃ ቆይቶ ቢነሳ አንተ ጋ ምንም ላይታይ ይችላል። ኤቲኤም ፊት የተሰለፈው ሰው ግን ያውቃል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ «ሲስተም የለም» ሲልህ «ኧረ እኔ ጋ አረንጓዴ ነው» ልትለው ነው?

ገመዱ፦
ስላይዱ «ኮር» አይልም። ፎቶው እጄ ላይ ነው። «ተኝቷል» ነው የሚለው።

የማታ ፈረቃ፦
በቃል አብራርቷል እኮ! ያን ጊዜ አለቃህ ቡና ላይ ነበር መሰለኝ።

ወይዘሪት ፖርት፦
ሁለታችሁም ሁለት ነገር እያደባለቃችሁ ነው። «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። «ስንት ባይት አለፈብህ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ። ሶላርዊንድስን (ኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌሩን) ከፍታችሁ ዲፎልቱን፣ ሳይነካ አብሮት የሚመጣውን ቅንብር፣ እዩት። መኖር አለመኖሩን በየ120 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ የኢንተርፌስ (የፖርት) ስታቲስቲክስ ግን በየ9 ደቂቃው ነው። የለያዩት ወደው አይደለም። ፒንግ፣ «አለህ ወይ?» የሚለው፣ ቀላል ነው፣ ሄዶ ይመለሳል። ባለ 48 ፖርት ስዊች ላይ እያንዳንዱን ፖርት ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ኤረሩ፣ ስለ ድሮፑ (ስለ ጣላቸው ፓኬቶች፣ ማለትም የዳታ ቁራጮች) መጠየቅ ግን ሥራ ነው፣ ለሰርቨሩም ለስዊቹም። ገመዱ፣ አለቃህ 10 ሰከንድ ካለ ፒንጉን በ10 አድርግለት፣ ሌላውን ወደ ነበረበት መልሰው። እሱም ይደሰታል፣ አንተም ትተኛለህ።

ድምፅ አጥፊ፦
«አንተም ትተኛለህ» ሃሃሃ። አሠልጣኙ ይህን እንዳያይ።

ጋሽ ሞደም፦
ልጆች፣ አምስት ደቂቃ ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ አይደለም። ከኤምአርቲጂ፣ ከድሮው የትራፊክ ግራፍ መሣያ ሶፍትዌር፣ የመጣ ልማድ ነው። ቶቢያስ ኦቲከር ኤምአርቲጂን የጀመረው እንግሊዝ አገር ሌስተር፣ ዲሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው መስመር 64 ኪሎቢት ብቻ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ በአምስት ደቂቃ ግራፍ ይሥላል። ከዚያ ሌሎቹ መከታተያዎች፣ ካክታይም መጣ፣ ሊብሬኤንኤምኤስም መጣ፣ ሁሉም አምስቷን ደቂቃ ይዘው ቀሩ።

የማታ ፈረቃ፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ክርክሩን ጨረሱልኝ። ለ64 ኪሎቢት የተበጀ ቁጥር ዛሬ 10 ጊጋ ሊንክ ላይ አስቀምጦ መሄድ ታዲያ መተኛት ካልሆነ ምንድን ነው?

ጋሽ ሞደም፦
እኔ ታሪኩን ነገርኩ እንጂ ላንተ አልፈረድኩም። ነገር አታጣብቅብኝ።

የማታ ፈረቃ፦
ይቅርታ ጋሼ። ግን ሒሳቡን እዩት። 1 ጊጋ ሊንክ ለ30 ሰከንድ ጢም ብሎ ሞልቶ የቀረውን 270 ሰከንድ ባዶ ቢሆን፣ የአምስት ደቂቃው ግራፍ 10 በመቶ ይላችኋል። አሥር! ተጠቃሚው ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ትራንዛክሽኑ ታይም አውት እያደረገ፣ እናንተ «ሊንኩ ሰፊ ነው» ትላላችሁ። ሌላም አለ። ያለፈውን ባይት የሚቆጥረው ባለ 32 ቢት ካውንተር 1 ጊጋ ላይ በ34 ሰከንድ ገደማ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስንቴ እንደዞረ በምን ታውቃለህ?

ወይዘሪት ፖርት፦
በዚህ አካሄድ 10 ጊጋ ላይ በ3 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይዞራል። ስለዚህ ባለ 10 ሰከንዱም ተኝቷል ማለት ነዋ! ወንድሜ፣ የዚህ መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ መጠየቅ አይደለም። ባለ 64 ቢቱን ካውንተር መጠየቅ ነው። ዲቫይሶችን በምንጠይቅበት ፕሮቶኮል፣ በኤስኤንኤምፒ፣ ቨርዥን 1 ላይ ከሆናችሁ አታገኙትም፣ ወደ 2ሲ ወይም ወደ 3 ውጡ። የ30 ሰከንዱን ነገር ግን እቀበልሃለሁ፣ አማካይ ይደብቃል። ቢሆንም ፖርቱ ሲሞላ የሚጥለው ፓኬት ይቆጠራል። የድሮፕ ካውንተሩ ተጠራቅሞ ይጠብቅሃል፣ በአምስት ደቂቃም ብትመጣ፣ በአንድ ሰዓትም ብትመጣ። ካውንተር አይተኛም።

የማታ ፈረቃ፦
መጠበቁንማ ይጠብቃል። ችግሩ መቼ እንደጣለ አይነግርህም።

ወይዘሪት ፖርት፦
የትኛው አምስት ደቂቃ ውስጥ እንደሆነ ይነግርሃል። ከዚያ ያንን አንድ ፖርት ነጥለህ በ30 ሰከንድ አድርግ። ሁለት ሺህ ዲቫይስ ምን በደለ?

የአሽበርኑ፦
ሰላም ከቨርጂኒያ። እንደው ለመገረም ያህል ነው እንጂ እናንተ ገና ፖሊንግ ላይ ናችሁ? እኛ ዳታ ሴንተር ውስጥ ስትሪሚንግ ቴሌሜትሪ ነው። ጂኤንኤምአይ በሚባል ፕሮቶኮል ሰብስክራይብ ታደርጋለህ፣ ዲቫይሱ ራሱ በሰከንዶች ልዩነት ይልክልሃል። መጠየቅ ቀርቷል።

ባለ ዲሹ፦
ሰላም ለአሽበርን። እኛ ጋ መብራት ሲመጣ ሰብስክራይብ እናደርጋለን።

ድምፅ አጥፊ፦
ኧረ ሞተ ሰውየው።

የአሽበርኑ፦
ቀልዱን ተዉትና፣ ቴክኖሎጂው ለሁሉም ክፍት ነው።

ባለ ዲሹ፦
ቴክኖሎጂው ክፍት ነው፣ የእኛ ራውተር ግን ዕድሜው ስንት እንደሆነ አትጠይቀኝ። እሱን ለማስለወጥ ግዥ ክፍል ጋ ሰብስክራይብ ማድረግ አለብኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ የምሠራው ከሳተላይት ጋር ነው። ሳተላይቱ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ፓኬት ሄዶ እስኪመለስ 600 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። በኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 1 ሰንጠረዥ አንድ በአንድ ሲነበብ ደግሞ የአንዱ መልስ ሳይመጣ ቀጣዩ አይጠየቅም። ባለ 48 ፖርት ስዊች ላይ በየፖርቱ 20 ነገር ብትጠይቅ 960 ጥያቄ ነው። በ0.6 አባዙት፣ ወደ 10 ደቂቃ ሊጠጋ ነው። አንድ ዙር ሳያልቅ ሁለተኛው የአምስት ደቂቃ ዙር ይጀመራል! ቨርዥን 2ሲ ላይ ጌትባልክ አለ፣ ሃያ አምስት ሃያ አምስቱን ባንዴ አምጣ ብትለው ያመጣል። ያው ሥራ 24 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። ለአለቃችሁ ስለ ኢንተርቫል (በየስንት ጊዜው ስለ መጠየቅ) ከመናገር ይህን ንገሩት። ታይም አውቱን (መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ) ግማሽ ሰከንድ አድርጎ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ የእኔን ጣቢያዎች በሙሉ ገድሏቸዋል፣ ሁሉም በሕይወት እያሉ። ገመዱ፣ «ደህና የሚሠሩ ቅርንጫፎች ዳውን ይላሉ» ያልከው ይህ እንዳይሆን። ታይም አውትህ ስንት ነው?

ገመዱ፦
አለቃዬ 10 ሰከንዱ እንዲደርስ ብሎ ታይም አውቱን ወደ 1 ሰከንድ፣ ሪትራዩን (ድጋሚ መጠየቁን) ወደ ዜሮ አስወረደኝ።

ባለ ዲሹ፦
ሪትራይ ዜሮ! መድረሱን በማያረጋግጥ ዩዲፒ ላይ! አንድ ፓኬት ከጠፋ ቅርንጫፉ ሞተ ተባለ ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው።

ትራፕ ወዳጅ፦
እኔ የምለው፣ ለምን ትጠይቃላችሁ? ትራፕ አብሩ። ችግር ሲፈጠር ዲቫይሱ ራሱ በዩዲፒ ፖርት 162 ይነግራችኋል። ኢንተርቫሉን አንድ ሰዓት አድርጋችሁ ተኙ፣ እንደ አሠልጣኙ አባባል።

የማታ ፈረቃ፦
ትራፕ ዩዲፒ ነው። መድረሱን ማንም አያረጋግጥልህም። ኢንፎርም የሚባለው መልስ ይጠብቃል፣ ግን ያለህ አንድ መውጫ ሊንክ ከወደቀ መልእክቱ በየት ይውጣ? መብራት ከጠፋና ዩፒኤሱ ካለቀ ደግሞ ራውተር ኑዛዜ አይናዘዝም።

ትራፕ ወዳጅ፦
«የመጨረሻ ትንፋሽ» የሚልኩ አሉ። ኃይል ሲቋረጥ ከመሞታቸው በፊት አንድ መልእክት ይወረውራሉ።

የማታ ፈረቃ፦
አሉ። ባለ ዲሹ ጋ ግን የሉም።

ባለ ዲሹ፦
ለምን እኔን ትጠራኛለህ?

ወይዘሪት ፖርት፦
በዚህኛው ከማታ ፈረቃ ጋር ነኝ፣ ይመዝገብልኝ። የትራፕ ዝምታ ደህና መሆን ነው ወይስ መሞት፣ አይታወቅም። ለዚህ ነው ፖሊንግ የማይቀረው።

ግን ገመዱ የ«ሁሉም»ን ሒሳብ ለአለቃህ ሥራለት። ሁለት ሺህ ዲቫይስ አለን እንበል፣ በእያንዳንዱ 200 ነገር እንጠይቃለን። 400 ሺህ ነው። በአምስት ደቂቃ ስታካፍለው በሰከንድ 1,333 ገደማ ነው፣ ደህና ሰርቨር ይችለዋል። በ10 ሰከንድ ግን በሰከንድ 40 ሺህ ነው። ዳታቤዙ ይህንን ሁሉ መጻፍ አለበት። በዚያ ላይ አንድ አካባቢ መብራት ሲጠፋ የሞቱት ዲቫይሶች ናቸው ፖለሩን (የሚጠይቀውን ፕሮግራም) የሚይዙት፣ መልስ እየተጠበቀ። ዛቢክስ የሚባለው መከታተያ ላልተደረሰባቸው ብቻ ለብቻው ፖለር የመደበው ለዚህ ነው። አንዳንድ መሣሪያ ደግሞ ካውንተሩን ራሱ በየጥቂት ሰከንዱ ነው የሚያድሰው። ከዚያ ቀድመህ ብትጠይቅ ያንኑ ቁጥር ይሰጥሃል። ግራፉ አንዴ ዜሮ፣ አንዴ እጥፍ ይሆናል። አለቃህ ያንን አይቶ «ሊንኩ ይዋዥቃል» ይልሃል።

ገመዱ፦
ብሎኛል እኮ!

ድምፅ አጥፊ፦
እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። የአላርም ቦቱን ቴሌግራም ላይ ሚዩት ያላደረገ እጁን ያውጣ።

ድምፅ አጥፊ፦
ማንም? እንግዲያው «ተኝቷል» የሚባለው ይኼ ነው። ኢንተርቫሉን 10 አድርጋችሁ፣ አንድ ፒንግ ሲጠፋ አላርም ልካችሁ፣ ሁላችንም ዝም አሰኝተነዋል። ሦስቴ ተከታትሎ ካልመለሰ ብቻ ጩህ ብትሉት ምን ነበረበት?

የማታ ፈረቃ፦
ሦስቴ ካልክ በአምስት ደቂቃ ኢንተርቫል አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። አሁንስ ገባህ ለምን ማጠር እንዳለበት?

የአሽበርኑ፦
ስለ አምስት ደቂቃ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብትስቁብኝም። እዚህ የትራንዚት (ከኢንተርኔት አቅራቢ የሚገዛ መስመር) ሒሳብ የሚሠራው በ95ኛ ፐርሰንታይል ነው፣ ከፍተኛው 5 በመቶ ናሙና ተጥሎ። ናሙናው ደግሞ በተለምዶ የአምስት ደቂቃ ነው። በ30 ቀን 8,640 ናሙና ይሰበሰባል፣ ከፍተኛው 432ቱ ይጣላል። ማለትም የ36 ሰዓት ጫፍ አይከፈልበትም። ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚሰበሰበው ተተኝቶ ነው?

ወይዘሪት ፖርት፦
ይህችን ወደድኳት። ቀድመህ ይህን ብትጽፍ ኖሮ ማንም አይስቅብህም ነበር።

የማታ ፈረቃ፦
ሒሳብ ማስከፈልና ብልሽት መያዝ አንድ ነው እንዴ? ቅድም «ሁለት ነገር አታደባልቁ» ያልሽው አንቺ አይደለሽም?

ወይዘሪት ፖርት፦
እኔ «ተኝቷል» የሚለውን ነው የምቃወመው። አምስት ደቂቃ የሚበቃው ሥራ አለ፣ 10 ሰከንድ የሚፈልግ ሥራ አለ። ስድብ አድርጎ ስላይድ ላይ መለጠፍ ግን ለአለቆች ዱላ ማቀበል ነው። ይኸው ገመዱ ላይ አረፈ።

የማታ ፈረቃ፦
ሥልጠናውን ያልተሳተፈ ሰው አሠልጣኙን ባይዘልፍ ጥሩ ነው። ሰውየው ከብዙዎቻችን በላይ ኔትወርክ ያየ ነው።

ጋሽ ሞደም፦
ሶላርዊንድስ ሶላርዊንድስ የምትሉት ግን በ2020 እ.ኤ.አ. የሆነውን ረሳችሁት? ጠላፊዎች የበከሉት አፕዴት እስከ 18 ሺህ ደንበኛ ጋ ሊደርስ እንደሚችል ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። ሁሉንም ዲቫይስ የሚያውቅ ሰርቨር ሲሰበር ምን እንደሚሆን አስቡ። እናንተ ሰከንድ ትቆጥራላችሁ። ኮሚዩኒቲ ስትሪንጉን (የኤስኤንኤምፒውን የይለፍ ቃል) «ፐብሊክ» አድርጎ የተወ እዚህ የለም?

ድምፅ አጥፊ፦
ጋሼ፣ ይህንን በአደባባይ ይጠየቃል?

ትራፕ ወዳጅ፦
የእኛው «ፕራይቬት» ነው።

ወይዘሪት ፖርት፦
ወይኔ። የመጻፊያው ዲፎልት እኮ ነው እሱ! በ«ፕራይቬት» ኮንፊግህን ይቀይሩልሃል። አሁኑኑ ሂድና ቀይር፣ ከዚያ ስለ ትራፕ ታወራለህ።

ትራፕ ወዳጅ፦
ከውስጥ ኔትወርክ ነው፣ ማን ይደርስበታል?

ጋሽ ሞደም፦
ማን ይደርስበታል ይላል።

ገመዱ፦
እባካችሁ ወደ እኔ ጉዳይ ተመለሱ። ነገ ጠዋት ስብሰባ አለብኝ። ኮር ፒንግ 10፣ ቅርንጫፍ ፒንግ 60፣ ስታቲስቲክስ 300፣ ሪትራይ 3። ታይም አውት ዲሽ ላሉት 5 ሰከንድ። ልበል?

ባለ ዲሹ፦
በል። ዲሽ ላሉት ፒንጉንም 120 አድርገው፣ ባንድዊድዝ እኔ ነኝ የምከፍለው።

የማታ ፈረቃ፦
የኮር አፕሊንክ ስታቲስቲክስ 300 አይሆንም። 30 አድርገው። መጀመሪያም ያልኩት ይህንን ነው።

ወይዘሪት ፖርት፦
መጀመሪያ ያልከው «እውነቱን ነው» ነው። ወደ ላይ ሄደህ አንብብ።

የማታ ፈረቃ፦
«ኮር ላይ» ብዬ ነው የጀመርኩት። አንቺ ራስሽ ወደ ላይ ሄደሽ አንብቢ።