ውሃውም ወባ አለበት እያለኝ ነው፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጥናቴ ላምፕ በሚባለው፣ ዲኤንኤን በአንድ ሙቀት ላይ በሚያባዛው ዘዴ የወባን ዲኤንኤ የሚለይ ምርመራ እየሠራሁ ነው። በአገራችን ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን የማያመነጩ የወባ ተውሳኮች ስላሉ፣ ያንን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣን ምርመራ ያልፋቸዋል። ላምፕ ደግሞ ሙቀት እየቀያየረ ዲኤንኤ የሚያባዛውን ፒሲአር ማሽን አይጠይቅም፤ 65 ዲግሪ ላይ የሚቆይ ማሞቂያ ይበቃዋል።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ውሃ ብቻ ያለበት ቱቦም 40 ደቂቃ አካባቢ ላይ ከሮዝ ወደ ቢጫ ይቀየራል፤ ቢጫ ማለት ደግሞ ወባ አለ ማለት ነው። ውሃውንም ፕራይመሩንም (ማባዛቱን የሚያስጀምሩትን አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) በአዲስ ተካሁ፤ ወይ ፍንክች! ወባ ያለባቸው ናሙናዎች ግን 20 ደቂቃ ሳይሞላ ነው የሚቀየሩት። ፕራይመሮቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ይሆን? ወይስ ቀድሞ የተባዛ ዲኤንኤ ከክፍሉ አየር እየገባብኝ ነው? እንዴት ልለያቸው? 30 ደቂቃ ላይ ባቆመውስ ገምጋሚ ይቀበለኛል? ካስ12ኤ የተባለውን፣ የተፈለገውን ዲኤንኤ ለይቶ የሚያውቅ ኢንዛይም ጨምር የሚሉኝ አሉ፤ ኪሴ ግን አይችለውም። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።