የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዬን ፍሬን ማስተካከል አልቻልኩም

በቦይ እየተመሩ ለሚወዳደሩ ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የምጠቀምበት የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ፍሬኑ አልስተካከል ስላለኝ፣ ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የፍሬን ማዞሪያውን ከፍ ሳደርገው፣ የመቆጣጠሪያውን ቃታ (ሲጫኑት መኪናውን የሚያስኬደውን) በለቀቅሁ ቁጥር መኪናው በድንገት ስለሚያዝ ኩርባው ላይ የኋላ ጎማዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ፍሬን የሌለው ይመስል በራሱ ግፊት ይቀጥልና ከቦዩ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ የማዞሪያ ክፍል ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም።

ፍሬኑ የሚሠራው ኃይል ሲቋረጥ የሞተሩ ሁለት ጫፎች በፍሬን ሽቦው በኩል ተገናኝተው፣ ገና የሚሽከረከረው ሞተር እንደ ጄኔሬተር ራሱን ሲገታ እንደሆነና በዚህ መንገድ ላይ ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) በጨመረ መጠን ፍሬኑ እንደሚለዝብ አውቃለሁ። የሦስቱን ሽቦዎች አያያዝ፣ የመስመሩን ፖላሪቲ (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጥ) እና የመኪናውን ብሩሾች (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን መነካኪያዎች) አስቀድሜ መርምሬያለሁ (የመጀመሪያው ምክር ሁልጊዜ ይህ ነውና)። ባለ ሬዚስተሩ አሮጌ መቆጣጠሪያ በዚያው መስመርና መኪና ላይ ያለ ችግር ፍሬን ስለሚይዝ፣ ጥርጣሬዬ የማዞሪያው ፖቴንሽዮሜትር (ሲዞር ሬዚስታንሱ የሚለዋወጠው ክፍል) ላይ ነው።

ፖቴንሽዮሜትሩን ከሰርኪዩቱ ሳልነቅል በመልቲሜትር ብለካው ንባቡ ይታመናል? ወይስ ፍሬኑን የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር ሲበላሽም ይህንኑ ምልክት ያሳያል?