ለጅማ ጭቃና ኮብልስቶን የሚሆን ዊልቸር፦ የፊት ጎማው ምን ይሁን?

ጥያቄ (በያጁ)
ሰላም ለሁላችሁ። ወገቡ ተጎድቶ እግሮቹ ለማይታዘዙለት ወጣት ዊልቸር ልንሠራ ነው። ቤቱ ጅረን አቀበት ላይ ነው፤ አስፋልት ለመድረስ ጭቃና ኮብልስቶን ያልፋል። ያለው ተጣጣፊ ዊልቸር ክረምት ላይ የፊት ጎማዎቹ ይቀበራሉ። የኋላውን በብስክሌት ጎማ መቀየር ይበቃል? መስጊድ መግባትም ይፈልጋል።

መልስ (ኩሽኔታ)
አይበቃም። ትንሽና ቀጭን የፊት ጎማ ክብደቱን ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚጥል መሬቱን ይቆርጣል። የኋላውን አክስል (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ወደ ፊት ብታመጡት ፊቱ ይቀላል፤ ግን አቀበት ላይ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ባለ ሦስት ጎማ ሥሩለት፦ መሐል ላይ አንድ የፊት ጎማ፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ፣ ወርዱ 5 ሳንቲ ገደማ፣ ከእግር ማሳረፊያው ቀደም ብሎ የተተከለ። እንደ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ወጣ ገባ ላይ ሦስቱም መሬት ይነካሉ።

ለኋላ ጎማዎቹ የብስክሌት ሞዞ (አክስሉ የሚያልፍበትን የጎማ እምብርት) ግን እንዳለ አትግጠሙ! ብስክሌት ላይ አክስሉ ግራና ቀኝ ይያዛል፤ እዚህ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚያዝ ይጎብጣል። ቸርኬውንና ራጂውን (ቸርኬውን ከሞዞው የሚያያይዙትን ሽቦዎች) ተጠቀሙ፤ ሞዞውን ቶርኖ ቤት አሠሩ፦ ለአንድ ጎማ ሁለት ቁጥር 6202 ኩሽኔታ (ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርግ ባለ ኳስ ቀለበት፤ ውስጡ 15፣ ውጩ 35 ሚሊ ሜትር)፣ ከ15 ሚሊ አክስል ጋር። ክዳን ያለውን ኩሽኔታ ግዙ፤ ክፍቱን ጭቃ ቶሎ ይበላዋል።

መልስ (ፊዚዮ)
ከብረቱ በፊት ልጁን ለኩት። የመቀመጫው ስፋት ከዳሌው ስፋት እኩል ይሁን፤ ጥልቀቱ ከልጁ ቂጥ ጀርባ እስከ ጉልበቱ ጀርባ ካለው ርቀት ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ይነስ። ትራሱን ከሁለት ስፖንጅ ሥሩ፣ ታች ጠንካራ፣ ላይ ለስላሳ። ተቀምጦበት ሳለ እጃችሁን ከመቀመጫ አጥንቱ ሥር አስገቡ፤ ጣታችሁ መነቃነቅ ካቃተው ትራሱ አይሆንም። ስሜት በሌለበት ገላ ላይ ቁስል ሳይታወቅ ይሰፋል፣ ሕይወትም ይቀጥፋል። ስለዚህ በየጊዜው ክብደቱን ከመቀመጫው ማንሳትን፣ በየቀኑም ቆዳውን በመስታወት ማየትን አስተምሩት።

መልስ (ወንበር ሠሪ)
ባለ ሦስቱ ረጅም ስለሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ አይዞርም፤ በሩንና ኮሪደሩን አስቀድማችሁ ለኩ። ወደ ፊትና ወደ ጎን በሰያፍ ከተንጠራራም ሊጋደም ይችላል፤ ቡና ሲፈላ ሲኒውን ከወለል እንዳያነሳ ረከቦቱ ከፍ ይበልለት። የበሩ ደፍ 15 ሳንቲ ከሆነ መወጣጫው 180 ሳንቲ ይርዘም። ለመስጊዱ ደግሞ ከሸራ የተሰፋ፣ ላስቲክ ያለው የጎማ ሽፋን ደጃፍ ላይ ይለበሳል፤ ግን መጀመሪያ ከልጁና ከኢማሙ ጋር ተመካከሩ። የኋላ ጎማዎቹም በፒን የሚነቀሉ ይሁኑ፤ አለበለዚያ ባጃጅ ላይ መጫን ያስቸግራል።